ፎቶውን ለመምሰል የከሱት አቶ ሽብሩ

ልጆቼ፣ ሰው ሌላ ሰው ለመምሰል ሲደክም ሳታዩ አልቀራችሁም። የነቀምቴው ጨርቅ ነጋዴ አቶ ሽብሩ ግን የደከሙት ራሳቸውን ለመምሰል ነው፤ ያውም በወረቀት ላይ ያለውን ራሳቸውን። እስቲ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት። አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አቶ ሽብሩ ከጨለለቂ ሰፈር ወደ ባኬ ጃማ ሰፈር የሚወስደውን አቀበት ተያይዘውታል። ሦስት እርምጃ ይሄዱና አጥር ይይዛሉ፤ ደግሞ ሦስት ይሄዱና የሰው አጥር መሆኑን ረስተው ይደገፉታል። ሱሪያቸው ለቀድሞው ሆዳቸው የተሰፋ ነውና ቀበቶ አልበቃው ብሎ በሲባጎ ሸብ አድርገውታል።

ልክ በዚያን ጊዜ ከኡኬ ከተማ የመጣ አውቶቡስ ቆመና አንዲት ሻንጣ ያንጠለጠለች ወጣት ወረደች። ወለቴ ትባላለች፤ የአቶ ሽብሩ የእህት ልጅ ናት። ጤና ረዳት ስትሆን አምስት ሳምንት ሙሉ ኡኬ ላይ ሕፃናት ስትከትብ ቆይታ መመለሷ ነበር። አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሰው አየችና ሮጣ ክንዱን ያዘች።

«አባቴ፣ አመመዎት? ቤትዎ የት ነው? ላድርስዎት።»

«ወለቴ! ቤቴን ረሳሽው? ልጅ ሆነሽ በጀርባዬ አዝዬ ያዞርኩሽ እኔ አይደለሁ?»

ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። «አጎቴ! የቀረው ሰውነትዎ የት ሄደ?»

«አቀለልኩታ!» አሉ አቶ ሽብሩ በኩራት። ኩራቱ ግን ጉልበት ስለሚፈልግ ወዲያው አጥሩን መልሰው ያዙ።

ወለቴ ደግፋ ወስዳ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ አስቀመጠቻቸው። ዓይናቸውን ገልጣ አየች፤ ምላሳቸውን አስወጣች። «ወባ ነው? ተቅማጥ ነው? አይደብቁኝ።»

«ምን ወባ አመጣሽ! ጤነኛ ነኝ። ጠዋት የሎሚ ውሃ እጠጣለሁ፤ ማታ አንድ ብርቱካን። እሑድ እሑድ ደግሞ ኮሶ።»

«እሑድ እሑድ? ስንት እሑድ?»

«አምስት።»

«አጎቴ! ኮሶ እኮ ትል ለማስወጣት ነው!»

«አውቃለሁ። ትሉ ወጥቶ ሲያልቅ ሆዱን ያስወጣል ብዬ ነዋ።»

ወለቴ ግንባሯን ያዘች። ከሻንጣዋ የኡኬ እናቶች በቅጠል ጠቅልለው የሰጧትን የተቀቀለ አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥራ ሥር፣ አወጣች። ሽታው አቶ ሽብሩን አፍንጫቸው ላይ እንደ በትር መታቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አንሺልኝ! እስከ መጪው ሳምንት ቅዳሜ ድረስ አንሺልኝ!»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

አቶ ሽብሩ ከደረት ኪሳቸው አንድ ፎቶ አውጥተው ሰጧት። ወለቴ አገላብጣ አየችው። ወገቡ እንደ ጎረምሳ የጠበበ፣ ግንባሩ ላይ አንድ መጨማደድ የሌለበት ሰው ነው።

«ይህ ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«መልክስ ይመሳሰላል። እርስዎ ግን ወንድም የለዎትም ብዬ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ ጊዜ ጆቴ የሚባል ወጣት ባኬ ጃማ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ከደጃፉ ባለመስታወት ሳጥን ሰቅሎ ያነሳቸውን ሰዎች ይደረድርበታል። ገበያ የወጣ ሁሉ እዚያ ሳይቆም አያልፍም። ማን ተሰቀለ፣ ማን ወረደ፣ የማን አንገት አማረ፣ የማን ጥርስ ገጠጠ፣ ሲባል ይዋላል። ተማሪዎቹ ደግሞ ፎቶ ይለዋወጣሉ፤ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብለው ይጽፉና፣ ከፊቱ የጓደኛቸውን ወገብ ከራሳቸው ጋር ያስተያያሉ። አቶ ሽብሩም አንድ ቀን ፎቷቸው መሰቀሉን ሰምተው ደስ ብሏቸው ሊያዩ ሲሄዱ፣ ሁለት ልጃገረዶች ቆመው ደረሱባቸው። አንደኛዋ «ይህንን ተመልከቺ! ሆዱ ቀድሞ ደርሶ ሰውየው ገና እየመጣ ነው» ስትል ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። አቶ ሽብሩ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ስበው፣ ልጆቹ ሲሄዱ ጠብቀው፣ ወደ ጆቴ ገቡና «አስተካክለኝ» አሉት። እሱም አስተካከላቸው።

ይህን ሁሉ ለወለቴ አጫወቷትና «የተስተካከለውን ፎቶ ብርቄ ወደ ጊምቢ ወሰደችልኝ» አሏት። ብርቄ የጋብቻ አማላጃቸው ናት። «ሸዋጌጥ የምትባል ጨዋ ሴት አለች፤ እንደኔው የትዳር ጓደኛዋ ሞቶባታል። ፎቶውን አይታ 'መጥቼ ልየው' አለች። የምትመጣው ቅዳሜ ነው። ስድስት ዓመት ብቻዬን በልቻለሁ ወለቴ። ከአውቶቡስ ስትወርድ ይህንን ሰው ካጣችው ተመልሳ ትሳፈራለች።»

ወለቴ ይህን ስትሰማ ማሾፍ ተወች።

«አጎቴ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቅቤ ይቀንሱ፣ ጠዋት ጠዋት ይራመዱ ብዬዎት ነበር። ምን አሉኝ?»

«ልታስርቢኝ ነው አልኩሽ።»

«እኔ ስለ ጤናዎ ስለምንዎት ያልሰሙኝን፣ ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ሲስቁ ሰሟቸው።»

«አየሽ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ሆድ ያለው ሰው የተከበረ ነበር። 'ሽብሩ ደላው' ሲሉኝ ደስ እንዲላቸው እጨምርበት ነበር። አሁን ዘመኑ ቀጭን ይወዳል። እናንተ የተማራችሁት ራሳችሁ ከዘመን ጋር ተራመዱ ትሉን የለ?»

«ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ ነው ያልነው። ጨጓራችሁን በኮሶ ቀቅሉት መቼ አልን? እንዲያውም እርስዎ ምንም አልተለወጡም። ድሮ ክትፎና ቆጮ የሚደራርቡት ሰው እንዲያይልዎት ነው። ዛሬም የሚራቡት ሰው እንዲያይልዎት ነው። ለመሆኑ ይህ ሆድ የራስዎ የሚሆነው መቼ ነው?»

አቶ ሽብሩ የሱሪያቸውን ሲባጎ ጠበቅ አደረጉ። በዚህ መካከል ኦቦ ቀነዓ መጡ። ኦቦ ቀነዓ የድሮ ደንበኛቸው ናቸው፤ በብብታቸው አንድ ጥቅል ይዘዋል።

«ያ ሽብሩ! አካም ቡልተ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አሏቸው።

«ነጋ፣ ኦቦ ቀነዓ። ምነው በደህና?»

«በደህና ብሆን አንተን ፍለጋ ይህን አቀበት እወጣ ነበር?» ጥቅሉን ፈትተው አዲስ ሱሪ ከወገባቸው ላይ ለኩት። ጉልበታቸው ላይ ቀረ። «ሰፊውን ልመታው ደርሼ ነበር። ጨርቁ ራሱ አጭር ነው ብሎ ለክቶ አሳየኝ። ሃያ ዓመት ካንተ ስገዛ አንድ ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም!»

አቶ ሽብሩ አንገታቸውን ደፉ። «እውነት ነው። የዚያን ቀን ዓይኔ ጭልም ብሎብኝ ሜትሩ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ሁለቱንም ቆጥሬያቸው ይሆናል።»

«ዋዩ!» አሉ ኦቦ ቀነዓ ጭናቸውን መትተው። «አንተ ከሳህና ሱሪው በእኔ ላይ አጠረ!»

ወለቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ሰሙ አጎቴ? ረሃቡ ስምዎትንም እያከሳው ነው» አለች። አቶ ሽብሩ ለኦቦ ቀነዓ ሙሉ ጨርቅ ሊለውጡላቸው ቃል ገቡ። ስለ ጨርቁ ያመኑትን ያህል ግን ስለ ሆዳቸው አላመኑም።

«ሸዋጌጥ የወደደችው ወረቀቱን ነው» ብለው ድርቅ አሉ።

«እሺ፣ ቅዳሜ ወረቀቱን መሰሉላት እንበል። እሑድስ? ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜ ሁሉ የሎሚ ውሃ ሊጠጡ ነው? ይነሱ፣ ይህን ሰው የሠራው ጋ እንሂድ።»

ጆቴ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ፣ ራሱም እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ልጅ ነው። ወለቴ «ሥራህን አሳየን» ስትለው እንደ መፍራት አለ፤ ሆኖም ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋልና ፊልሙን አውጥቶ ለመስኮቱ ብርሃን ገለጠው።

«ይኸው ጌቶች። ከኋላዎ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ ነበር። ፊልም ላይ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሆድዎን ከግራና ከቀኝ በዚህች ብሩሽ ጥቁር ቀባሁት። ወረቀቱ ላይ ሲታተም ከአንሶላው ጋር አንድ ሆነ።»

«ሆዴ አንሶላ ሆነ?»

«አዎን ጌታዬ። ከሆድዎ ግማሹ አንሶላ ነው።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።»

አቶ ሽብሩ በርጩማው ላይ ዘፍ አሉ። «አምስት እሑድ ኮሶ ጠጣሁ! እንድመስለው የደከምኩለት ሰውዬ አንሶላ ነው?»

«እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለ ጆቴ ሊያጽናናቸው። ወደ ደጃፉ ወጥቶ ሳጥኑን በጣቱ ያስጎበኛቸው ጀመር። «ይህ ሙሽራ ሣጥን ላይ ቆሞ ነው። የእኚህ ሰውዬ ፀጉር ግማሹ እርሳስ ነው። እውነቱን ልንገርዎት? እዚህ ሳጥን ውስጥ ከተሰቀሉት ነቀምቴ ላይ አንድም ሰው የለም።» ከዚያ አንዲት ወገበ ቀጭን ልጃገረድ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

አቶ ሽብሩ አወቋት። ያች የሳቀችባቸው ልጅ ናት።

«ድርቤ ትባላለች» አለ ጆቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደስ ይበላት ብዬ ወገቧን ትንሽ ቀባሁላት። አሁን በየቀኑ እየመጣች የራሷን ፎቶ ቆማ ታያለች። እናቷ ምሳም ራትም ትታለች ብለው ሲያለቅሱ ሰማሁ። ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ወደቀች አሉ።»

እዚህ ላይ፣ ልጆቼ፣ የአቶ ሽብሩ ልብ ተሰበረ። በሳቋ ሲቀየሙ የከረሙባት ልጅ ለካ እንደሳቸው ብርቱካን እየቆጠረች ኖሯል። ፎቶውን አዩ፤ የራሳቸውን ሲባጎ አዩ።

«ወለቴ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያ አንጮቴ አለ?»

መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቂት እያለች ሰጠቻቸው፤ ተርቦ የከረመ ሆድ በአንዴ አይሞላምና። አንጮቴው ሲያልቅ አቶ ሽብሩ ተነሥተው አንሶላው ፊት ቆሙ። «በል ጆቴ፣ አሁን አንሳኝ። ብሩሿን ግን ለወለቴ ስጣት፣ እሷ ትያዝልኝ።»

አቶ ሽብሩ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠሩ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። እስከዚያ ቀን የሰው ደብዳቤ ያነቡ እንደሁ እንጂ የራሳቸውን ጽፈው አያውቁም። ሰኞ ግን በገዛ እጃቸው እንዲህ ጽፈው ከፎቶው ጋር ወደ ጊምቢ ላኩ፦

«ይድረስ ለወይዘሮ ሸዋጌጥ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከረሃብ በቀር ደህና ነኝ። በፊት የላክሁልዎት ሰውዬ ግማሹ አንሶላ ነው። የዛሬው እኔ ነኝ። ሆዴ ከዚህም ይበልጥ ነበር፤ በሞኝነት ቀንሶ ነው፤ ጥቂቱ ሲመለስ እንዳይደነግጡ። ቢቀሩ አልቀየምም። ቢመጡ አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሽብሩ።»

መልስ አልመጣም። ማክሰኞ አልመጣም፤ ዓርብም አልመጣም። አቶ ሽብሩ ቅዳሜ ወለቴን አስከትለው አውቶቡስ ተራ ቆሙ። የጊምቢ አውቶቡስ ደርሶ ሰው ወረደ፣ ቅርጫት ወረደ፣ ዶሮ ወረደ። አቶ ሽብሩ «ቀረች» ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ጉንጯ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ያለባት ደልደል ያለች ሴት በመጨረሻ ወረደች። ሁለት ፎቶ ይዛ ነበር፤ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ አቶ ሽብሩን አየች፣ የመጀመሪያውን ወደ ቦርሳዋ ከተተችው።

«እንደምን ዋሉ አቶ ሽብሩ። በደብዳቤዎ 'በሆዴ ያውቁኛል' ማለትዎ ነበር መሰል፤ አወቅሁዎት።»

«እ… እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ። አልቀሩም?»

«ልቀር ነበር። የመጀመሪያው ፎቶ ሲደርሰኝ ብርቄን 'ይህ ሰው ሳንባውን ያመዋል እንዴ?' አልኳት። ብርቄ ሳትነግርዎት ቀርታ እንደሁ፣ እኔ ምግብ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። የማይበላ ባል ምን ላድርገው? ቅር እያለኝ ነበር። ሁለተኛው ከነደብዳቤው ሲመጣ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ባሌ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።» ጉንጯን ነካች። «በብርቄ እጅ በላክሁልዎት ፎቶ ላይም የእኔን ነጥብ የጊምቢው ፎቶ አንሺ ሳልጠይቀው 'አጸዳሁልሽ' ብሎ አጥፍቷት ነበር። እርስዎ እውነቱን ሲልኩ አፈርኩ። ይኸው፣ እሷንም ይዣት መጣሁ።»

አቶ ሽብሩ ነጥቢቱን አዩ። «ደህና መጣች» አሉና ጓዟን ተቀበሏት።

በጥር ወር ተጋቡ። አቶ ሽብሩ ወደ ድሮው መደራረብ አልተመለሱም፤ የወለቴን ቃል ያከብራሉ። ቅቤው በልክ፣ ጎመኑና አንጮቴው ሳይጓደል፣ ኮሶው ሐኪም ትል አለ ሲል ብቻ። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ያንን አቀበት አብረው ይወጣሉ፤ አጥር የሚይዝ የለም። እንቅልፋቸው ተመለሰ፣ ሜትሩም አንድ ሆነ። ኦቦ ቀነዓ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሱሪ ለብሰው ሠርጉ ላይ ጨፈሩ። ጆቴም ደጃፉ ላይ «ሰው እንዳለ ይነሣል» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ፤ ቀለም ቀባኝ ለሚለው «ወረቀቱን እቀባልሃለሁ፤ አንተ ግን ወረቀቱን ለመምሰል እንዳትራብ» ብሎ ሳይመክር አይሰድም።

አቶ ሽብሩ የጋብቻ ፎቷቸው በሳጥኑ መካከል እንዲሰቀል ራሳቸው ለመኑ። አንድ ቀን ከወይዘሮ ሸዋጌጥ ጋር በዚያ ሲያልፉ ድርቤ ፊቷ ገርጥቶ ሳጥኑ ፊት ቆማለች። የጋብቻውን ፎቶ አይታ ሳቅ ብላ ዞር ስትል፣ ባለፎቶውን ከኋላዋ አገኘች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አትፈሪ ልጄ፣» አሉ አቶ ሽብሩ፣ «ያልሽው ልክ ነው። ሆዱ ቀድሞ ደርሷል፤ እኔ ገና እየመጣሁ ነው። ያች ከእኔ ፎቶ ጎን የተሰቀለችው ድርቤ ደግሞ ግማሿ ቀለም ናት፤ ጆቴን ግቢና ጠይቂው፣ ፊልሙን ያሳይሻል።»

ድርቤ ገብታ አየች። ስትወጣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ምንም ሳትጠይቅ እጇን ያዘቻት፤ ቤታቸው ወስዳ ከመካከላቸው አስቀመጠቻትና ማዕዱን አቀረበች። አቶ ሽብሩ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት።

ድርቤ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ አፏን ከፈተች።