አርባ ፎቶ፣ አንድ ፊርማ

ነይ ከውሰር፣ ግቢ… ከባሕሪ እስከ ሐጅ ዩሱፍ በዚህ ፀሐይ? መንገዱ ዛሬም ተጨናንቋል? እዚህ ጥላው ጋ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጪ። ውስጥ ተከራዬ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሷል፤ እንዳንረብሸው… ስለ እሱ አይደለም የማወራሽ፣ አብሽሪ። ስለ አንድ የማውቀው የፎቶ ሊቅ ነው።

ማሻአላህ፣ እጁ እንዴት ያለ መሰለሽ! ፎቶ ለሚሸጥ የውጭ ድረ ገጽ አርባ ልኮ አርባውም ተመለሰለት። አንድ እንኳ አልጠፋበትም፤ ከዚህ በላይ ጥንቃቄ አለ? «ሐበሻ ስለሆንኩ ጠልተውኝ ነው» አለኝ። መዝገበ ቃላቴን ይዤ መልሳቸውን አነበብኩለት። ፎቶው ደብዝዟል ይላሉ። የስልኩን ሌንስ በሸሚዙ ጫፍ ቢወለውለው ይጠራ ነበር… ግን ሊቅን ማን ይመክራል? ዓባይን ሲያነሳው አዘንብሎት፣ ወንዙ ኦምዱርማን ላይ ሊደፋ ነው። ቀጥ አድርጎ መያዝማ የኛ የተራ ሰዎች ነገር ነው። ያነሳው ረክሻ፣ ያው ባጃጁ ላይ የኩባንያ ምልክት ይታያል፣ አጥፋው ብለውታል። ደግሞ ያንኑ ረክሻ አሥራ አንድ ጊዜ ልከሃል፣ የተሻለውን አንዱን ምረጥ ይሉታል። እንዴት ይምረጥ? የእጁ ሥራ ሁሉ እኩል ነው!

የመጨረሻውን ስሚኝማ። ሰው ካለበት፣ ሰውየው ፈቅዶ ይፈርም ይላሉ። አንዲት ሴት አለች… መብራት ሊሠራ ተጠርቶ ሄዶ፣ በማዳሟ ሳሎን ወለል ስትወለውል ያነሳት፤ እንዳጎነበሰች፣ ሻሿ ወደ ኋላ እንደሸሸ። እንዳያስቸግራት ብሎ አልጠየቃትም፤ ራሱ ፈረመላት! ኮፒ አድርግልኝ ብላ የሰጠችውን የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋንም አያይዞ ላከላት። ታዲያ ፊርማው ላይ የጻፈው እኛ የምንጠራትን የቤት ስሟን ነው፤ ኢቃማው ላይ ያለው ያው እንደ ሁላችንም ደላላ ያወጣላት ስም። «ይቺ ሴት ማናት?» ብለው መለሱለት። አየሽ… አይቷት የማያውቅ ፈረንጅ እንኳ ጠየቀ።

ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ? አንቺ ነሽ አልኩ እንዴ? እንኳንም አልተቀበሉት። ማዳሟ ሳሎኗን ኢንተርኔት ላይ ብታየው፣ ሴትዮዋ ይኼኔ ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ላይ ነበረች። አሁን አዲስ ወረቀት አዘጋጅቷል አሉ። ዛሬ ፈገግ ብሎ «እህቴ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ይላታል። ትፈርምለት ይሆን? እኔ ብሆን መጀመሪያ ኢቃማዬን እቀበለዋለሁ። ከዚያ… «ወላሂ፣ መጻፍ አልችልም» ነው።

ወንበሩ ተንቀሳቀሰ፣ ሊወጣ ነው መሰለኝ። እንመርቅ እንጂ፣ ሰው ክፉ ሲያወሩ ነበር እንዳይለን። ለዚያ ሊቅ አላህ የልቡን ይስጠው። ልክ እንደሱ የምታስብለት ሚስት ይስጠው… በጥያቄ የማታደክመው፣ የሱን ነገር ሁሉ ራሷ ወስና፣ በስሙ እየፈረመች የምታኖረው። አሚን በይ እንጂ፣ እህቴ።