ደምሴ ማድ ቤት ውስጥ የተደበቀ ዕለት

እኛ ባደግንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ የሴት ሳል ስሙ ብዙ ነበር፤ ብርድ ነው ይላሉ፣ የሰው ዓይን ነው ይላሉ፣ ጭስ ነው ያለ ግን አልሰማሁም። ታዲያ ታናሽ እህቴ የሺ፣ አረቄ እያወጣች ልጆቿን ያሳደገችው፣ ሳል ያዛትና በጋ ክረምት አልለቅ አላት። ጎረቤት ነቀርሳ ነው ብሎ ጠረጠረና ዋንጫዋን ለየባት፤ እሷ ደግሞ በዓይኗ በላችኝ ብላ ጎረቤቷን ጠረጠረች፤ እና መተማመን ጠፋ።

ታዲያ ከባሏ ከደምሴ ጋር ሆነን ንፋስ መውጫ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። አክታዋ ተመረመረ፣ ነቀርሳ የለባትም ተባለ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ አዳምጦ፣ «እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አላት። የሺ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አቀረቀረች። አፍራ ነው እኮ። ሐኪሙ ቀጥሎ ስለ ማድ ቤት ጭስ ቢናገርም፣ የደምሴ ጆሮ እሲጋራው ላይ ቀርቷል። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ቀድሞን ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አልሆነም። ቀሚሷን ያሸታል፣ አረቄ ሊጠጣ የመጣውን ሁሉ በጎሪጥ ያያል፣ ሲጋራውን ማን ነው የሚያቀብላት ይላል። ታዲያ አንድ ቀን፣ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ፣ ማድ ቤት ገብቶ ከድፍድፉ ጋን ጀርባ ተደበቀ። እሷ ተመለሰች፣ እርጥቡን ባሕር ዛፍ ማገደች፣ ዝናብ ነበርና በሩን ዘጋች፣ አረቄዋን ማውጣት ያዘች። ብዙም አልቆየ፣ ከጋኑ ጀርባ እህህ፣ እህህ የሚል መጣ። ሌባ መስሏት ማማሰያ ስታነሣ፣ ባሏ ዓይኑ እንባ እያፈሰሰ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ወጣና ደጅ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ።

ምን ልትፈልግ ገባህ አለችው። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «የሺ፣ እዚህ ውስጥ ነው የምትውይው?» አላት።

«ታዲያ የት ልዋል?» አለችው።

በማግስቱ የማድ ቤቱን ግድግዳ በስቶ መስኮት አወጣለት፣ ደረቅ እንጨትም ራሱ ያመጣላት ጀመር። ሳሉ ቀለለላት፤ ዳገት ግን ዛሬም እያረፈች ነው የምትወጣው። የተጎዳው ሳንባ እንደ ድሮው አይመለስም ብሏታል ሐኪሙ። ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ እዩት እንግዲህ። ሰው ማንን ልጠርጥር ይላል እንጂ ሴት የምትውልበትን ገብቶ የሚያይ የለም።

አሮጊቷ ወጋቸውን ሲጨርሱ ምራታቸው፣ «እማማ፣ የእኛስ ማድ ቤት መስኮት መቼ ይወጣለታል?» አለች።

«ነገ አንቺ ደጅ ዋይና ባልሽ ይማግድ» አሉ እየሣቁ፤ «ሳይመሽ ያወጣዋል።»