ሳይጠይቅ የሚጎርስ ልጅ

በሚሊኒየሙ ሰሞን ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት እናቶች ከጎኔ ተዋወቁ፤ ታናሺቱ ኦቲዝም ያለበትን ሕፃን ልጇን ታቅፋለች፣ ታላቂቱም እንዲህ ያለ ልጅ አሳድጋለች።

“ሌሎቹን ልጆቼን ለእናቴ ትቼ አዲስ አበባ ልከርም ነው፣ እትዬ። እዚያ ባለ የኦቲዝም ማዕከል ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ቃል ባወጣ ቁጥር እየሸለሙ ቀኑን ሙሉ ያስተምሩታል አሉኝ።”

“የእኔም በዚያ ጀመረ፤ ይጠቅማል። አፉን የፈታው ግን ቤት ውስጥ፣ የወደደውን ጨዋታ ተከትለን ስናስተምረው ነው። ያንቺ ምን ይወዳል?”

“የባጃጅ ጎማ ማሽከርከር።”

“ጎማውን ያዢበትና እስኪጠይቅሽ ጠብቂ። ምግቡንም እንደዚያው።”

“እኛ ሰፈር? ማንጎ ይዤ ብጠብቅ ‘ምን ያለች ስስታም ናት’ ብለው ከየበሩ መጥተው ያጎርሱታል።”

“የእኔም አማት እንደዚያው ነበሩ። ሳይጠይቅ እንዳይሰጡት አስማልኋቸው። እሱ ‘ስጪኝ’ እስኪል የእሳቸው እንባ ይቀድም ነበር።”

“ልጁስ አያለቅስም?”

“እሱማ ይስቅባቸዋል።”

“እንግዲያው ዘዴውን አይቼ ቶሎ እመለሳለሁ። ከልጄ ይልቅ ሥልጠና የሚያስፈልገው ሰፈሩ ነው፣ ወላሂ።”

“አማት ካለሽ መጀመሪያ እሳቸውን።”

ለሕፃኑ ብዬ የላጥሁትን ብርቱካን እጄ ላይ አቆየሁት።