ታሪክ የሌለው ቃል

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር በመኪናው የካ አባዶ ያለው እህቴ ቤት ደርሶ መመለስ ነበር፤ የትኛው አቋራጭ ይሻላል እያልን መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። እሱ ካረፈ ወዲህ በታክሲ ነው የምሄደው። ባለፈው ማክሰኞ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት፣ አብረው ለሚጽፉት ልቦለድ የኤልፎችን ቋንቋ ይፈለስፉ ነበር። ኤልፍ ሺህ ዓመት የሚኖር የተረት ሰው መሆኑን ከወሬያቸው ተረዳሁ።

«ንጉሡ ንግሥቲቱን ‹ሲሉዌ› ብሏት ይሂድ» አለች ልጅቷ።

«ሲሉዌ እሳት ማለት አይደል እንዴ? ታሪክ የሌለው ትርጉም መዝገበ ቃላቴ ውስጥ አይገባም!»

«ስማኝማ፣ አንተ ችኩል! ድሮ አዳኞቹ ሲወጡ ‹እሳቱን ጠብቂልኝ› ለማለት ‹ሲሉዌ› ይሉ ነበር።»

«እሺ።»

«በኋላ ስቶቭ ገዙ።»

«ኤልፍ ስቶቭ ሲገዛ!» ብሎ ሳቀ።

«ባይገዙም፣ እሳት መጠበቅ ቀረ። ቃሉ ግን አልቀረም። የሚሄድ ሰው ሁሉ ይለዋል። ‹ደህና ሁኚ› ማለት ሆነ።»

«ንጉሡ እኮ ከጦርነቱ አይመለስም።»

«ታውቃለች።»

«ታዲያ ምን ብላ ትመልስለት?»

«ምንም። እሳት ትጠብቃለቻ!»

ልጁ ደብተር ሲገልጥ ሰማሁ።

«ኧረ በናትህ፣ መድኃኔዓለም ደረስን! ምዕራፉን አሁን ለጽሑፍ ክበባችን ልጆች ልናነብ ነው። ይግባ አይግባ?»

«በእርሳስ ጻፊው።»

«በእስክሪብቶ!»

«እሺ፣ በእስክሪብቶ። አሸነፍሽ።»

አሁን ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ «ሲሉዌ» ብዬ በሩን እቆልፋለሁ።