ገባ ብለው የተጻፉ መስመሮች

ሁለቱ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። አዲሷ የሶፍትዌር ባለሙያ አንዲት ገጽ ልታትም ብትመጣ፣ ማተሚያው የጋሼን ወረቀት ያለማቋረጥ ሲተፋ አገኘችው። ጋሼ የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ፕሮግራመር ናቸው። ችግር ሲገጥማቸው ሎጉን፣ ማለትም የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል የትኛውን እንደጠራ የሚመዘገብበትን ዝርዝር፣ አትመው በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ መስመር በመስመር ይወርዱበታል።

ያን ቀን ፊታቸው ጠቁሯል። ለአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሠሩት ፕሮግራም አልፎ አልፎ የአንዱን ታካሚ የደም ምርመራ ውጤት በሌላው ስም ያወጣል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ስህተቱ እስከ ማታ ካልተገኘ ፕሮግራሙን እንደሚዘጉት፣ ደግመውም እንደማይከፍቱት ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

ወጣቷ ክምሩን አየት አድርጋ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚያነቡት ጠየቀች። በትዕግሥት ነው አሏት፤ የዛሬ ልጆች በማያውቁት ነገር።

«ትዕግሥትዎን አልነካሁም ጋሼ። ግን መስመሮቹ ሁሉ ከአንድ ጠርዝ ጀምረው፣ አንድ ግድግዳ የተደገፉ ይመስል ቆመዋል። ማን ጠሪ፣ ማን ተጠሪ እንደሆነ በምን ይለያሉ?»

«በጭንቅላቴ ነዋ። ያንቺን ለባርኔጣ ነው ያስቀመጥሽው?»

ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ጭንቅላት ስህተት መፈለጊያ እንጂ ማን ገብቶ ማን እንዳልወጣ መያዣ መሆን እንደሌለበት አስረዳች። አንዱ ሌላውን ሲጠራ የተጠሪው መስመር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይጻፍ፤ ጨርሶ ሲመለስ መውጫው ከመግቢያው ትይዩ ይቀመጥ፤ ይዞት የተመለሰውም ውጤት ከጎኑ ይታይ። የሚደጋገሙት ጥቃቅን ጥሪዎች በአንድ መስመር ይጠቅለሉ።

ጋሼ ይህ ኩል መቀባት ነው አሉ። ቀጥለው ግን ማንም የሙያው ሰው የሚቀበለውን ስጋት አነሡ።

«የታመመ ፕሮግራም ላይ እጅ ሲበዛ ሌላ በሽታ ይጨመርበታል፣ ልጄ።»

«የእርስዎን ፕሮግራም ጫፉንም አልነካም። ሎጉ መግባትና መውጣትን ይመዘግብ የለም? እሱን አንብቦ አስተካክሎ የሚጽፍ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ለብቻው እሠራለሁ።»

ጋሼ ከወንበሯ ኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ እሷም ጻፈች። ያው ሎግ፣ አንድም ቃል ሳይጨመርበት፣ ደረጃ ሠርቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ጋሼ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው ያረፈው «ውጤት ላክ» የሚለው ጥሪ ላይ ነበር። ውስጡ «ኔትወርክ ጠብቅ» አለ፤ የእሱ ውስጥ «ቀጣዩን አስተናግድ»፤ ከሁሉም ጠልቆ ደግሞ ሌላ «ውጤት ላክ»።

«ቆይ፣ ይሄ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ወጣቷ ገጹን ወደ ታች አንሸራተተችላቸው። መልሱን እሳቸው እንዲያገኙት ፈልጋለች።

«ፊተኛው ሳይወጣ ነው የገባው» አሉ በቀስታ።

በወረቀቱ ላይ የፊተኛው መውጫ ብዙ ገጽ ወርዶ ስለተቀበረ፣ ሁለቱ ተከታትለው የሠሩ ይመስላቸው ነበር። ለካ ኔትወርኩ ሲዘገይ ፕሮግራሙ የጀመረውን ሳይጨርስ ቀጣዩን ታካሚ ያስተናግዳል። የስም ማስቀመጫው አንድ ብቻ ስለሆነ የኋለኛው ስም የፊተኛውን ያጠፋዋል። ጋሼ እያንዳንዱ ውጤት የራሱን ስም ይዞ እንዲጓዝ አደረጉ። ኔትወርኩን ሆን ብለው እያዘገዩ ደጋግመው ሞከሩት፤ ስም አልተሳሳተም። ለኃላፊው ራሳቸው ደወሉ።

በማግስቱ ሎጎቻቸው ሁሉ በዚህ መልክ እንዲወጡ ለባልደረቦቻቸው ነገሩ። አንዱ ነገረኛ ጋሼም ማሳመር ጀመሩ እንዴ ሲል ተረባቸው።

«አዎ፣ ጀመርኩ» አሉት። «ቅርጽ ያለው ሎግ የሰውን ጊዜ ያተርፋል፤ አዲስ የመጣም ሰው ሳይጠይቅ ያነበዋል፤ ስህተትም መደበቂያ ያጣል። እኔ ሎጉን መውቀስ ሲገባኝ ዓይኔን ስወቅስ ኖሬአለሁ። አንተ ገና ነህ፣ ከአሁኑ ተማር።»

እሳቸው ይህን ሲናገሩ ላቦራቶሪው በዚያው ፕሮግራም የዕለቱን ሥራ ጀምሮ ነበር። ደም የሰጠ ሁሉ የገዛ ራሱን ውጤት ይዞ ይወጣል።