ታኮ ያልገባለት ከባድ መኪና

የምስክሩ ስም፦ ነቢዩ ወልደሰንበት
ዕድሜ፦ 28
ሥራ፦ የከባድ መኪና ረዳትና ተለማማጅ ሹፌር
አድራሻ፦ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ አቃቂ በሰቃ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ህዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አለሚቱ ጉተማ

በአቶ ጣሰው ቢራ ላይ ስለደረሰው ጉዳት ያየሁትንና የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

አቶ ጣሰው የወይዘሮ ዘኪያ ከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን እኔ ረዳቱ ነኝ። የከባድ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ከእሱ ጋር ጅቡቲ ስመላለስ ግን መሪ አስይዞኝ አያውቅም። መንጃ ፈቃዴ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኝ ነበር። ጎማ እፈታለሁ፣ መኪና አጥባለሁ፣ በቆምንበት ሁሉ ወርጄ ታኮ አስገባለሁ። የእጅ ፍሬኑ ለጊዜው ይይዝና ስለሚለቅ፣ ያ እንጨት ጎማው ሥር ካልተወተፈ መኪናው አይታመንም። ካዘገየሁ ይመታኛል። ጋላፊ ላይ ሰው እያየ በጥፊ ብሎኛል። ሚሌ ላይ ጎማ እያጠበቅሁ ሳለ ጎኔን በእርግጫ መትቶኝ ትንፋሽ አጥሮኝ ወድቄአለሁ። ለምን እንዳልከሰስኩ ተጠይቄ፣ ሹፌሩን የከሰሰ ረዳት ማን ሥራ ይሰጠዋል ብዬ መልሻለሁ። እጠላው ነበር፤ ይህንን አልደብቅም።

ትናንት ጠዋት ብረት ጭነን ሞጆ ስንደርስ ወይዘሮ ዘኪያ ደውለው፣ ከዚያ እስከ ቂሊንጦ ነቢዩ ይንዳ፣ በሰላም ካደረሰ ሁለተኛውን መኪናዬን የሚነዳው እሱ ነው አሉት። አቶ ጣሰው ቁልፉን ወረወረልኝ። ከዚያ በኋላ አፉ ተከፈተ፤ መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ፣ ማርሽ ስቀይር እጄን በቡጢ ሲለው መጣ። ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ አቃቂ በሰቃ ስንደርስ የኋላ ጎማ አየር ስለቀነሰ፣ ከጎሚስታው ከሀይረዲን ቤት በላይ ቁልቁለቱ ላይ አቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ እግሬን ከፍሬን ሳላነሳ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ረዳቱ እርስዎ ነዎት፤ ታኮውን ያስገቡ" አልኩት። በትህትና የተናገርኩት እንደሆነ ተጠይቄ፣ አይደለም፣ እንዲያርረው ብዬ ነው ብያለሁ።

ወርዶ በእኔ በኩል ዞሮ መጣ። በሩን ከፍቶ አንገቴን ጨምድዶ አስፋልት ላይ ጣለኝ። በጎማ መፍቻ ብረት ትከሻዬን ደጋገመው፤ ቀጥሎ ግንባሬን ተረተረው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ አበድኩ። ተነስቼ አፉን በቡጢ አልኩት፣ ጥርሱ ረገፈ። ተናንቀን ሳለ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከታች ሀይረዲን ጀርባውን ሰጥቶ ጎማ ይለጥፋል፤ የአየር መሙያው ሞተር ስለሚጮህ ቢጠሩት አይሰማም።

አቶ ጣሰው ለቀቀኝና "ነቢዩ፣ ግባና ያዘው!" አለኝ። እሱ ታኮውን አንስቶ ወደ ፊት ጎማው ሮጠ። ሲወትፈው ጎማው እንጨቱን አስፈንጥሮ በሁለት እግሮቹ ላይ ወጣ። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። መኪናው አቅጣጫ ስቶ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ግንብ ላይ ተላትሞ ቆመ። ሀይረዲን አልተነካም።

አቶ ጣሰው ሆስፒታል ሆኖ የሰጠውን ቃል ምክትል ሳጅን አለሚቱ አነበቡልኝ። ፍሬኑ እምቢ ብሎ ነው፣ ልጁ ሊይዘው ሮጦ ነበር፣ አልደረሰበትም ብሏል። እግሮቹ እንደተቆረጡም የሰማሁት ያኔ ነው። ይህ ሰው ስለ እኔ ደግ ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። አልቅሻለሁ።

የጋቢናው በር ተከፍቶ አጠገቤ ነበር። መኪናው ገና በሰው እርምጃ ነበር የሚሄደው። መድረስ እችል እንደነበር ተጠይቄ፣ እችል ነበር ብያለሁ። ግባና ያዝ የሚለውን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ዘመን ጠብቄአለሁ። ሲለኝ ግን እንደቆምኩ፣ "ራስህ ያዘው" አልኩት።

ይህንን የተናገርኩት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። የተጻፈው ተነብቦልኝ፣ ሮጦ ነበር የሚል ቃል በእኔ ስም እንዳይገባ ጠይቄ፣ አለመግባቱን አይቼ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የቃል ተቀባይ ፊርማ ____________