በጣት የተያዙ አራት ዳዶዎች

የምስክር ቃል መቀበያ

ምስክር፦ አናጺ፣ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ውሃ ልክ» እየተባለ የሚጠራ (ሙሉ ስሙ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 61
አድራሻ፦ ከእንጨት መሸጫው ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20
ጉዳዩ፦ እሁድ ዕለት በጡረተኛዋ አዋላጅ ቤት የዕቃ ቆጥ ወድቆ ስለደረሰ የአካል ጉዳት

ወደ ጣቢያው የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ ሳይሆን፣ አብሮኝ የሚሠራው ብየዳ ሠሪ መያዙን ትናንት በመስማቴ ነው። ብየዳ ሠሪው ዕድሜው 44 ሲሆን «ፍም» እያልን እንጠራዋለን። አብረን መሥራት ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። የሥጋ ዝምድና የለንም። ሆኖም ባለቤቴ በሞተች ጊዜ ሳምንት ሙሉ ከቤቴ ያልወጣ እሱ ነው። ይህ ከጉዳዩ ጋር ባይገናኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ተጎጂዋን፣ ጡረተኛዋን አዋላጅ፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት አስጠርተውን ጋራዡን ወደ መኖሪያ ክፍል እንድንቀይርላቸው ጠየቁን። ልጃቸው ሁለት ሕፃናት ይዛ ከእሳቸው ጋር ልትኖር እየመጣች ነበር። ጋራዡ መኪናው ከተሸጠ ወዲህ የዕቃ መጣያ ሆኖ የቆየ፣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ስፋቱ ሦስት ሜትር ከግማሽ የሆነ ክፍል ነው። የብረት በሩን አንስተን ግድግዳና መስኮት አስገባን፤ ዘይት የጠጣው ወለልም ተፍቆ ታይል ለበሰ። ዕቃው ግን መሄጃ አልነበረውም። እትዬ «እዚህ ቤት ቦታ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ ዕቃውን ወደ ላይ ስቀሉልኝ» ስላሉ በኋላው ግድግዳ በኩል ከራስ በላይ ቆጥ ለመሥራት ተስማማን።

ቆጡ የእንጨት ፍሬም ሲሆን ከላዩ ኮምፐርሳቶ ለብሷል። ከጣሪያው አግዳሚዎች ጋር በአራት የብረት ማንጠልጠያ ተያይዟል፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። እያንዳንዱ ማንጠልጠያ በሁለት ብሎን ይታሰራል። እንጨቱ የእኔ፣ ብረቱ የብየዳ ሠሪው ሥራ ነው። የፈረምነው የሥራ ውልም ብረት ነክ የሆነውን ሁሉ፣ ብሎንና ዳዶውን ጨምሮ፣ በእሱ ስም ነው የሚያሰፍረው። መርማሪው ውሉን አሳይቶኝ ፊርማዬ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ይሁን እንጂ እኛ የምንሠራው እንደ ውሉ አይደለም። አብረን በሠራንበት በመጀመሪያው ዓመት ብየዳ ሠሪው «ለራሴ ሥራ ራሴ አልመሰክርም» ብሎ አንድ ልማድ አመጣ። ብረቱን የሰቀለው ሰው ብሎኑ ላይ የሚገባውን ዳዶ በመፍቻ ሳያጠብቅ በጣቱ ብቻ አዙሮ ይይዘዋል። ሲጨርስ 17 ቁጥር መፍቻውን በሌላው ሰው የዕቃ ሳጥን ላይ ያስቀምጣል። መፍቻውን ሳጥኑ ላይ ያገኘ ሰው ወጥቶ እያንዳንዱን ዳዶ ያያል፣ ያጠብቃል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሠራነው አንድም ነገር ወድቆ አያውቅም። የፊተኞቹን ሁለት ማንጠልጠያዎች ሐሙስ ዕለት እሱ ሰቅሎ እኔ አጥብቄያለሁ። እሁድ ዕለት ያልወደቀው በዚያ በኩል ያለው ነው።

ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ አንድ አግዳሚ ለሦስተኛ ጊዜ አሳጥሬ ቆረጥኩ። ብየዳ ሠሪው እትዬ ባሉበት «ጋሼ፣ ዓይንህ እኮ ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ ሥራ ላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። እትዬ ሳቁ። እኔ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አያሳልፍም ተብሎ ስም የወጣልኝ ሰው ነኝ፤ ነገሩ በጣም ከነከነኝ። አኩራፊ መሆኔን አልክድም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላነጋገርኩትም፤ እሱም ጥቂት ሞክሮ ተወኝ። መሰላል ስፈልግ «እትዬ፣ መሰላሉን ያቀብለኝ ይበሉልኝ» እላለሁ። እሱም መጋዝ ሲፈልግ እንዲሁ። እትዬ በመጨረሻ «ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆማችሁ እኔን ፖስታ ቤት አደረጋችሁኝ! ስንት እናት ያዋለድኩ ሴት የእናንተን ኩርፊያ ማዋለድ አቃተኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ብየዳ ሠሪው የኋለኞቹን ሁለት ማንጠልጠያዎች ሰቅሎ ጨረሰና ሳይሰናበተኝ ወጣ። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣሁ። መፍቻው ሳጥኔ ላይ መቀመጡን በዓይኔ ድካም ምክንያት አላየሁም፤ ከሌላው ዕቃ ጋር ተጠራርጎ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል። እትዬ በር ላይ «እሁድ ዕቃ ብጭንበት ይችላል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ይችላል» አልኳቸው። ቅዳሜ ቤቴ ዋልኩ።

እሁድ የሆነውን በቦታው ስላልነበርኩ ከልጃቸው እንደሰማሁት እናገራለሁ። እትዬ መጽሐፍ የሞላባቸው አምስት ካርቶኖችና የልብስ ስፌት መኪናቸውን ወደ ቆጡ አወጡ። መኪናውን ወደ ጥግ ሊገፉ ሲሉ ቆጡ ተወዛወዘ፣ የኋለኛው ወገን ተላቀቀ፣ እሳቸውም ከነመሰላሉ ወደቁ። የግራ ጭናቸው አጥንት ተሰብሯል። አራቱ ዳዶዎች ጥርሳቸው ሳይበላ ታይሉ ላይ ተገኝተዋል። ጠብቆ የነበረ ዳዶ እንዲህ አይወጣም። ሕፃናቱ ክፍሉ ውስጥ ለመተኛት የቀራቸው አንድ ቀን ነበር።

መርማሪው ብየዳ ሠሪው «ማጥበቅ የእኔ ሥራ ነበር፣ ረሳሁት» የሚል ቃል ሰጥቶ መፈረሙን ነገረኝ። ስለ ልማዳችንም ሆነ ስለ መፍቻው አንድም ቃል አለመናገሩን ገልጾ፣ የምጨምረው ካለ ጠየቀኝ። ለጊዜው የለም አልኩ።

እርማት

ከላይ ያለው ቃል ሊነበብልኝ ሲል ራሴ ላንብበው ብዬ መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ። ስለ መፍቻው የተጻፈው ጋ ስደርስ አቆምኩ። መርማሪው ያንን ሲጽፍ «ዓይንዎ ስለደከመ አላዩትም ማለት ነው?» ብሎኝ ነበር። እኔ ዝም አልኩ፣ እሱም ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ጻፈው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

መፍቻውን አይቼዋለሁ። ብየዳ ሠሪው እያየሁት ነው ሳጥኔ ላይ ያስቀመጠው። አስቀምጦም ጥቂት ቆመ፤ አንድ ቃል እንድተነፍስ እየጠበቀ እንደነበረ ይገባኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩበት። ከሄደ በኋላ መፍቻውን አንስቼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ላጠብቅ ብወጣ እንደታረቅኩት የሚቆጠር መሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሹልክ ብዬ ሄጄ ላጠብቀው አስቤ ነበር፤ ለእትዬ «ይችላል» ያልኳቸውም ለዚህ ነው። ቅዳሜ ግን እሱ ቀድሞ ይደውልልኛል ብዬ ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ ዋልኩ። አልደወለም፣ እኔም አልሄድኩም።

ብየዳ ሠሪው ረሳሁ ያለው ሐሰት ነው። ዳዶ ረስቶ አያውቅም። እኔን ለማዳን ብሎ ነው፣ ይህን ሳውቅ በጣም አፍሬያለሁ። አጥብቅ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ያላጠበቅኩትም እኔ ነኝ። መፍቻውን ይዤ መጥቼ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ስለ ዓይኔ ድካም የተጻፈው መስመር እንዲሰረዝ ጠይቄ፣ ተሰርዞ አጠገቡ ፈርሜበታለሁ። መነጽሩ ዓርብ ዕለትም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚህ በላይ የሰፈረውን በራሴ ዓይን አንብቤ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከእርማቱ ጋር እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረመ በኋላ ብየዳ ሠሪውን ለአንድ ደቂቃ ለማነጋገር ጠይቆ ተፈቅዶለታል። በፊቴ የተናገረው «አንተ ልጅ፣ ደህና አደርክ?» የሚል ብቻ ነው።